የዘገየው ደራሽ

ከዕለታት አንድ ቀን ብዬ አልጀምርም፤ ይህ የአንድ ቀን ተረት አይደለምና።

ከመርሳ ዝቅ ብሎ፣ የሀብሩ ቆላ ወደ አፋር በሚያዘቀዝቅበት በኩል፣ ሰፊ የአሸዋ ሸለቆ ነበረ። በበጋ ወንዙ ይደርቅና አሸዋው ብቻውን ይቀራል። በጥፍር ጫር ጫር ሲያደርጉት ግን ከሥሩ እርጥብ ነው፤ ክንድ ያህል ከወረዱ ውሃ ይገኛል። ዳር ዳሩን ሾላና ዋርካ ጥላ ጥለውበታል። ስለዚህ ፍጥረት ሁሉ እዚያ ሰፈረ፤ ጦጣው፣ ጃርቱ፣ ቆቁ፣ ሚዳቋው፣ ጅቡም ሳይቀር። ሽኮኮዎች ብቻ ከሸለቆው በላይ በገደሉ ስንጥቅ ውስጥ ቀሩ።

ሸለቆውን ያቀኑት ዝሆኑ ናቸው። አሸዋውን በኩምቢያቸው ቆፍረው የመጀመሪያውን ውሃ ያወጡ፣ የሾላውን ፍሬ በልተው ዘሩን በየዳርቻው የበተኑ እሳቸው ናቸው። አባ ዝሆን ይሏቸው ነበር። ወደ ደጋ የሚወጡበት ጊዜ ሲደርስ ነዋሪውን ሰብስበው፣ «ልጆቼ፣ ይህ አሸዋ የዘላለም ቤታችሁ አይደለም። አንድ ቀን ደራሽ መጥቶ ጠራርጎ ይወስደዋል። በዚያ ቀን እኔም እመጣለሁ፤ ከእኔ ጋር ወደ ላይኛው ሜዳ ትወጣላችሁ» አሉ። ቀኑ መቼ እንደሆነ ሲጠየቁ አልመለሱም። በገደሉ ላይ ያለችውን ቀጭን መንገድ በኩምቢያቸው አሳዩና «እሷን አስፉ» ብለው ሄዱ።

ቆላ ያደገ ሰው ደራሽን ያውቃል። ዝናቡ የሚዘንበው እሱ ካለበት አይደለም። በስተምዕራብ ካለው ደጋ ላይ ይጥላል፤ ቆላው ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ እረኛው ከጥላ ሥር ጋደም ብሏል። ውሃው ግን በየፈፋው እየተጠራቀመ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ጉርምርምታው ሲሰማ የመሸሻው ጊዜ ተሟጧል። አባ ዝሆን «ሰማዩ ሲጠራ አትዘናጉ» ያሉትም ይህንኑ ስለሚያውቁ ነው።

ሽኮኮዎች ቃሉን ያዙ። ሽኮኮ ጉልበት የለውም፤ ግን አንድ ልማድ አለው። ሌላው ሲግጥ አንዱ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አደጋ ካየ ይጮኻል፤ ካላየ ተራውን ለሌላው ሰጥቶ እሱም ሊግጥ ይወርዳል። ጠባቂው ጦሙን አያድርም፤ የሚግጠውም ያለ ጠባቂ አይግጥም። በዚህ ላይ አንድ ሥራ ጨመሩበት፤ ከጥበቃ የተመለሰ ሁሉ ከመንገዷ ላይ አንድ ድንጋይ ፈንቅሎ ያነሣል።

ዘመን አለፈ። አባ ዝሆንን በዓይናቸው ያዩት ሞቱ፤ የልጅ ልጆቻቸውም አረጁ። እመት ጦጢት የተነሣችው ያኔ ነው።

እመት ጦጢትን ክፉ አድርጌ አልስላትም። ብልህ ናት፤ በሸለቆው ሙግት ሲነሣ የምትጠራው እሷው ናት። አንድ ቀን ከሾላው ሥር ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ ስኒዋን አስቀመጠችና፣ «ወገኖቼ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ» አለች። «አባ ዝሆን ይመጣሉ የተባለው የት ደረሰ? አያቶቻችን ሲጠብቁ ሞቱ። እናቶቻችን ሲጠብቁ ሞቱ። ፀሐዩ በወጣበት ይወጣል፣ ሾላው በወሩ ያፈራል፣ አሸዋውም እንደነበረ ነው። ምን ተለወጠ?»

መልስ የሰጣት አልነበረም። ጥያቄዋ የቆየ ጥያቄ ነው፤ ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛ መልእክቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ በኋለኛው ዘመን ይህንኑ እያሉ የሚዘብቱ እንደሚነሡ አስቀድሞ ጽፏል። መጠየቅ ኃጢአት ነው ብዬ አላምንም፤ ቶማስም ጠይቋል። ጴጥሮስ ግን ከዘባቾቹ አፍ ይልቅ አካሄዳቸውን ነው ያየው፤ እንደ ምኞታቸው የሚሄዱ ናቸው ይላል። በሸለቆውም የሆነው እንደዚያው ነው። ጦጢት ከገደሉ መንገድ የተፈነቀለውን ድንጋይ አስወስዳ በአሸዋው ላይ ጎተራዋን አሰፋችበት። ጅቡ፣ «የሚመጣ ከሌለ የሚጠይቅም የለም ማለት ነው» አለና ከቆቋ ጫጩት መውሰድ ጀመረ። ገበያው ላይ መስፈሪያው ጎደለ። ባለቤት አይመለስም የተባለበት ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚበደለው ደካማው ነው፤ ስለዚህም ነው የምጽአት ነገር ለድሃው ተስፋ፣ ለጉልበተኛው ግን የማይጥም ወሬ ሆኖ የኖረው።

ከዚያ ደግሞ ቁራው መጣ።

ቁራው የጦጢት ባላጋራ ነኝ ይላል። «እኔ ክንፍ አለኝ፤ ደጋ ድረስ በርሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ውሃው የመጪው ሚካኤል ማግስት ይወርዳል» ብሎ አወጀ። ሸለቆው ተናወጠ። ጃርቷ ለዘር ያስቀመጠችውን ማሽላ ቆልታ ለልጆቿ አበላች፤ ማን ሊዘራው ነው ብላ። ሚዳቋው ሣር ማጨዱን ተወ። ከሁሉ የከፋው ግን መንገዷ መረሳቷ ነው፤ ሁለት ሳምንት ለቀረው ሸለቆ ማን ድንጋይ ይፈነቅላል? ለዚህ ዓለም ንብረት አትሳሱ እየተባለ የየቤቱ ጎተራ ለቁራው ተሰጠ፤ እሱም ከዋርካው አናት ላይ ከመረው። ሚካኤል አለፈ፤ ማግስቱም አለፈ። ቁራው ስሌቱን አረመና ጊዮርጊስን ቀጠረ። ጊዮርጊስም አለፈ። በሦስተኛው ቀጠሮ የሚያለቅስ አልተገኘም፤ ሸለቆው በሙሉ ከጦጢት ጋር ሳቀ። ጦጢት ለዓመታት ተሟግታ ያላገኘችውን ተከታይ ቁራው በአንድ ክረምት ሰበሰበላት።

ተረቱን እዚህ ላይ ላፍታ ላቁመው፤ ቁራው የእኛም ጎረቤት ነውና። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዘመን ቁጥር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ነው። በዚህ ስሌት ሰባተኛው ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም.፣ ልብነ ድንግል በነገሠበት ዓመት ነው። 2017 ዓ.ም. ላይ ቁጥሩ 7517 ደርሷል። ክፉ ነገር ባየን ቁጥር «ስምንተኛው ሺህ ገባ» እያልን የምንደነግጥለት ዘመን እንግዲህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሌላው ዓለምም ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካ የዊልያም ሚለር ተከታዮች ጌታ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ ሰብሉን ሳይሰበስብ የጠበቀም ነበረ፤ ቀኑ እንደማንኛውም ቀን መሸ። ቅዱስ ጳውሎስ ይህን በሽታ ገና በተሰሎንቄ ነው ያየው። ቀኑ ደርሷል እያሉ የሚያስደነግጡትን እንዳይሰሙ፣ ሥራ የፈቱትም በጸጥታ ሠርተው የራሳቸውን እንጀራ እንዲበሉ ጽፎላቸዋል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ደግሞ ይህን በሁለት እሑዶች ቅደም ተከተል ያስተምራል። በዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ፣ በደብረ ዘይት፣ ስለ ዳግም ምጽአት የሚናገረው የማቴዎስ 24ኛ ምዕራፍ ይነበባል። ወልድያም ሆነ መርሳ ያስቀደሰ ሰው ያን ቀን ልቡ ተነክቶ ነው የሚወጣው። በሳምንቱ ግን ገብር ኄር ነው፤ ጌታው እስኪመለስ በተሰጠው መክሊት ነግዶ ያተረፈው የታማኙ አገልጋይ እሑድ። ምጽአት የተሰበከለት ምእመን ሰባት ቀን እንደሞላው ስለ ሥራው ይጠየቃል። መስጊድ የሚሄደው ጎረቤቱም ቂያማን ይጠብቃል፣ ቀኑን ከአላህ በቀር የሚያውቅ የለም ይላል፤ እስከዚያው ግን ሁለቱም በአንድ ወንፈል ማሽላ ያጭዳሉ።

ወደ ሸለቆው ልመለስ። ከሳቁ በኋላ ጦጢት ነገሩን ለመጨረሻ ጊዜ ልትዘጋው ፈለገችና በአደባባይ ወደ እማማ ዔሊ ሄደች። በሸለቆው ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጥ አልነበረም።

«እማማ፣ አንቱ ብዙ አይተዋል። እስቲ ይመስክሩልኝ፤ መጨረሻው ደረሰ ሲባል ስንት ጊዜ ሰሙ?»

እማማ ዔሊ አንገታቸውን ቀስ ብለው አወጡ። «ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ ልጄ። እናቴ የክፉ ቀንን ነገር ታወራኝ ነበር። በ1880 ከባሕሩ በኩል የገባ የከብት በሽታ የሰዎቹን በሬ ፈጀ። ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተከታተለ፤ ገበሬው በሬ አጥቶ በዶማ ቆፈረ። ያኔ ዓለም አበቃ ተብሎ ነበር። 1965ን ግን እኔው አይቻለሁ። 1977ንም አይቻለሁ። በ2013 ጥቅምት አንበጣው የሀብሩንና የራያ ቆቦን ማሽላ ሲግጥ፣ እናቶች ቆርቆሮ እየደበደቡ ሲጮኹ፣ እዚሁ ነበርኩ። ዓመቱ ሳያልቅም የሰሜኑ ጦርነት ወልድያና መርሳ ገባ። በየጊዜው ደረሰ ደረሰ ተብሏል።»

«ይኸው!» አለች ጦጢት ወደ ሕዝቡ ዞራ። «አልደረሰም!»

«አልጨረስኩም» አሉ ዔሊ። «በ1965 በአውራ ጎዳናው ዳር የተራበ ሰው ተሰልፎ፣ መኪና እያስቆመ ሲለምን አይቻለሁ። ላይ ቤት ለነበሩት ሹማምንት ወሬው ደርሷቸዋል። ግን ድርቅ ድሮም ያለ ነው፣ ወሎም ድሮም ይራባል ያለ ሰው አይደነግጥም፤ ነገሩ ተሸፋፍኖ ከረመ። በ1977 መስከረም ደግሞ በአዲስ አበባ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በግብዣ ሲከበር፣ የእኛ አገር ሰው በኮረም ሜዳ ላይ እየወደቀ ነበር። ሁሉም እንደነበረ ነው የሚለውን ቃል የተራበ ሰው ሲናገረው ሰምቼ አላውቅም ልጄ። ሁልጊዜ የምሰማው ከጠገበ ሰው ነው።»

በሸለቆው ዝምታ ሆነ። እውነት ነው፤ የ1965ቱ ረሃብ በዓለም የታወቀው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በጥቅምት 1966 ከታየ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሺህ ሰው አልቋል። መምጣቱ የማይቀር ነገር ሲነገረው «የተለመደ ነው» ብሎ የሚያልፍ ልብ በሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አይወሰንም፤ በጎረቤቱም ላይ ያው ልብ ነው።

እማማ ዔሊ ቀጠሉ። «ቁራው ዘራችንን አስበላን። አንቺ ደግሞ ድንጋያችንን ወሰድሽ። ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ቀኑ ነው። ሽኮኮ በዚያች መንገድ ያልፋል፤ አንቺም ትዘያለሽ፤ ቁራው ክንፍ አለው። እኔ ግን ድንጋዬ ሰፊ ነው። ከሦስተኛው ጥምዝ ላይ አለቱ ይይዘኛል። እናንተ መቼ ትላላችሁ፤ የእኔ ጭንቅ መንገዷ ስንት ስንዝር ሰፋች የሚለው ነው።»

ይህን አንድ ወጣት ሽኮኮ ሰማ። የዚያን ቀን ተረኛ ጠባቂ ነበር። ተራውን ለወንድሙ ሰጠና ለማንም ሳይነግር ወደ ደጋው ተነሣ። ቁራው አየሁ ያለውን ለማየት አይደለም፤ አባ ዝሆን በሕይወት መኖራቸውን አይቶ ለዔሊዋ ለመንገር ነው።

በስሪንቃ በኩል አለፈ። እዚያ የእርሻ ምርምር ማእከል አለ፤ ተመራማሪዎቹ ማሽላ በየመደቡ ዘርተው፣ አንዱን ከአንዱ እየለዩ፣ ዝናብ ሲያጥር ፈጥኖ የሚደርሰውን፣ አቀንጭራ የማይጥለውን ይፈልጋሉ። ሽኮኮው ከአጥሩ ሥር ቆሞ ለረጅም ጊዜ አያቸው። የሚመጣው ድርቅ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም። መምጣቱን ግን ሁሉም ያውቃሉ። ስለዚህ አይጮኹም፣ አይስቁምም፤ ዘር ያዘጋጃሉ። እኔም እዚህ ላይ ልቤ ይነካል፤ ቀኑን ሳያውቁ መዘጋጀት ሞኝነት ነው የሚል ሰው ስሪንቃ ድረስ ሄዶ ቢያይ እወዳለሁ።

ወልድያን በቀኝ በኩል ትቶ ዳገቱን ያዘ። ብርዱ በረታ፤ ማሽላው ቀርቶ ገብሱ መጣ። በመጨረሻ ሁለት ተራሮች ከሚገናኙበት ጠባብ አፍ ላይ ደረሰና አባ ዝሆንን አያቸው።

ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ቆመዋል። ከኋላቸው የዘመናት ዝናብ ሐይቅ ሆኖ ተኝቷል፤ ሙሉው ክብደት በጀርባቸውና በአራት እግሮቻቸው ላይ ነው። ዓይናቸው ወደ ታች፣ ወደ ሸለቆው ነው።

«አባ ዝሆን!» አለ ሽኮኮው ሳግ እየተናነቀው። «ረስተውን ነው ብለን ነበር።»

«ዔሊ ወጣች?» አሉ።

«አልወጡም። መንገዷ አልበቃቻቸውም።»

«ጃርቷስ ከነልጆቿ?»

«አልወጡም።»

«ጅቡስ?»

ሽኮኮው ደነገጠ። «ጅቡ? አባቴ፣ ጅቡ እኮ የቆቋን ልጆች ጨረሰ።»

«ለቆቋ እኔው እጠይቅላታለሁ፤ ልጆቿን አልረሳኋቸውም። ጅቡስ ወጣ?»

«አልወጣም።»

«ሂድ እንግዲህ» አሉት። «መንገዷን አስፉ።»

ጴጥሮስም በዚያው ምዕራፍ ለዘባቾቹ የሰጠው መልስ ይኸው ነው። በጌታ ዘንድ አንድ ቀንና ሺህ ዓመት አንድ መሆናቸውን ከተናገረ በኋላ፣ መዘግየት የመሰላቸው ነገር ትዕግሥት እንደሆነ፣ ማንም እንዳይጠፋ ሁሉም ለንስሐ እንዲደርስ የተሰጠ ጊዜ እንደሆነ ያስረዳል። ቀኑም እንደ ሌባ መምጣቱ አይቀርም ይላል፤ ትዕግሥቱ ቀጠሮውን አልሰረዘውም። እኔ ይህን ሳስብ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀኝ ዘባቹ የሚስቅበት ጊዜ ራሱ ለዘባቹ ተብሎ የተጨመረ መሆኑ ነው። ጦጢት «የት አለ?» ብላ የጠየቀችባት እያንዳንዷ ጠዋት በአንድ ጀርባ ላይ ተይዛ የቆየች ጠዋት ናት።

ሽኮኮው በሦስተኛው ቀን ሸለቆ ደረሰ። ያየውን ሁሉ ከሾላው ሥር ቆሞ ተናገረ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ሽኮኮም እንደ ቁራው ጀመረው አለ። ጅቡ ግን ስለ እሱ መጠየቁን ሲሰማ ተነሥቶ ወደ ጫካው ገባ፤ ሲያለቅስ ሰማነው ያሉ አሉ፣ አላለቀሰም ያሉም አሉ።

እመት ጦጢት ብልህ ናትና አልሳቀችም። መረመረችው። ገብሱን ከየት ጀምሮ እንዳየ፣ ብርዱ እንዴት እንደነበረ፣ የተራሮቹ አፍ ስንት እርምጃ እንደሚሰፋ ጠየቀችው። አልዋሸም። በመጨረሻ፣ «መልካም ልጄ» አለች። «ይዘውታል እንበል። እስከ መቼ ነው የሚይዙት?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«ያን ያህል መንገድ ሄደህ ዋናውን ነገር ሳትጠይቅ ተመለስክ?»

«እመት ጦጢት፣ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ቁራው ይህን ሲሰማ ከዋርካው አናት ተነሣና፣ «እግር ከተንቀጠቀጠ ሦስት ቀን ነው! ሦስት ቀን ቀረ!» እያለ በሸለቆው ላይ ይዞር ጀመር። ጃርቷ ያተረፈቻትን ጥቂት ማሽላ ልትቆላ ምጣድ ጣደች። ጦጢት ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አወረደችና ማሽላውን መልሳ ከጎተራው አስገባች። ከዚያ ወደ እማማ ዔሊ ሄዳ ከጎናቸው ተንበረከከች፤ ድንጋያቸውን ከዳር እስከ ዳር በስንዝሯ ለካች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች። ሦስት ስንዝር ከጣት ሆነ።

«ሦስተኛው ጥምዝ አሁን ስንት ነው?» አለች ሽኮኮውን።

«ሁለት ስንዝር።»

«አለት ነው አፈር?»

«አለት ነው። እኛ ጉልበት አጥተንለት ነው የቆየው።»

የጎተራዋን ግድግዳ ከላይ ጀምራ ማፍረስ ያዘች። ድንጋዮቹ ረጃጅምና ጠንካራ ነበሩ፤ አለት ለመፈንቀል የሚሆኑ። ልጆቿን ጠርታ አንዳንድ አሸከመቻቸው፤ ጃርቷም ምጣዷን ትታ ተከተለች። ቀትር ሳይሆን ከሦስተኛው ጥምዝ ደርሰው ነበር።